አይቡ አልቀለጠም፣ ተፈረፈረ እንጂ

ጥያቄ፦ «ፓላክ ፓኒር የሚባለውን የህንዶች ምግብ ቤት ሠርቼ አላማረልኝም። ሬስቶራንት ስበላው ደማቅ አረንጓዴ ነው፤ አይቡም ቁርጥ ቁርጥ እንዳለ ይገኛል። እኔ ሁለት እስር ቆስጣ ከትፌ ቁሌት ላይ ጨመርኩና ከድኜ ግማሽ ሰዓት ያህል አበሰልኩት። ለጣዕም ንጥር ቅቤና ትንሽ በርበሬ ጣል አደረግሁበት። መጨረሻ ላይ ጠንከር ያለ አይብ ቆራርጬ ብጨምር ቀልጦ ጠፋ። ቀለሙ ቡኒ ሆነ፤ ውሃ ቋጠረ፤ ሲበላም ጥርስ ያሻክራል። ጥፋቱ የአይቡ ነው የቅመሙ? በሞዛሬላ ብቀይረውስ? የምሠራው ለእናቴ ነው። ደም ማነስ አለባት፤ ስፒናች ደም ይተካል ብለውኛል።»

ምላሽ፦ ቅመሙን ለጊዜው ይተዉት። ከቅመሙ በፊት ሦስት ነገሮች ተሳስተዋል፤ ቅጠሉ፣ ሰዓቱና አይቡ። ሞዛሬላ ደግሞ አራተኛ ስህተት ይሆናል። የእናትዎን ጉዳይ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ፤ እሱም መታረም አለበት።

ፓላክ ማለት ስፒናች ነው፤ ፓኒር አይቡ ነው። ምግቡ የሰሜን ህንድ፣ በተለይም የፑንጃብ ነው። «የህንድ ምግብ» ስንል ሁሉም ህንዳዊ ቤቱ የሚሠራው ይመስለናል። በንጉሡ ዘመን እዚህ አገር ያስተማሩት ህንዶች ብዙዎቹ ከኬረላ የመጡ ነበሩ። ኬረላ ደቡብ ነው፤ የሩዝና የኮኮናት አገር። ከእነሱ ቤት የበላ ሰው ፓላክ ፓኒር ቀርቦለት ላያውቅ ይችላል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያሉ አንባቢዎች ደግሞ «ሳግ ፓኒር» የሚል ስም ምናሌ ላይ ያያሉ። ሳግ ማለት በጥቅሉ ለወጥ የሚሆን ቅጠል ነው፤ የሰናፍጭ ቅጠልም ሊሆን ይችላል። ሬስቶራንቶቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡት ያንኑ ስፒናች ነው።

ወደ ቅጠሉ ልምጣ። ቆስጣ ስፒናች አይደለም። በመዝገበ ቃላትም በገበያም ሁለቱን አንድ የሚያደርጉ አሉ፤ ግን ቆስጣ ሌላ ተክል ነው፣ ለቀይ ሥር የሚቀርብ። ስሙም ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ «ኮስታ» የጎድን አጥንት ማለት ነው፣ መሃሉ ላይ ላለው ወፍራም ነጭ ግንድ የተሰጠ። ስፒናች ቅጠሉ ትንሽና ለስላሳ ነው፤ ግንዱ ቀጭን ነው፤ ቶሎ ይበስላል። አትክልት ተራም ሆነ ሱፐርማርኬት «ስፒናች» ብለው ቢጠይቁ ያገኛሉ። ካጡ ቆስጣ ይሠራል፤ ነጩን ግንድ በቢላ ሙሉ በሙሉ አውጥተው ቅጠሉን ብቻ ይጠቀሙ። ግንዱ ሳይወጣ ከተከተፈ እሱን ለማብሰል ሲሉ ቅጠሉን ይገድሉታል። እርስዎ ቤት የሆነውም ይኸው ይመስለኛል። ግማሽ ሰዓት ያስጠበቀዎት ግንዱ ነው።

አሁን ስለ ቀለሙ። አረንጓዴነቱን የሚሰጠው ክሎሮፊል መሃሉ ላይ ማግኒዥየም አለው። ሙቀትና አሲድ አብረው ሲያገኙት ማግኒዥየሙ ይወጣና ሃይድሮጅን ቦታውን ይይዛል። ያኔ ቀለሙ መጀመሪያ ወደ ወይራ፣ ቆይቶ ወደ ቡኒ ይሄዳል። አሲዱ ከየት መጣ እንዳይሉ፤ ቅጠሉ ራሱ ውስጥ አለ። ድስቱን ሲከድኑት በእንፋሎት ሊወጣ የነበረው አሲድ ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል። ከድኖ ግማሽ ሰዓት ማለት እንግዲህ ቅጠሉን በገዛ አሲዱ መቀቀል ነው። በዚያ ላይ በርበሬ ገባ። ቀይና አረንጓዴ ሲደባለቁ ቡኒ ይወጣል፤ ይህን የሙዓለ ሕፃናት ልጅም በከለር ሞክሮ ያውቀዋል።

መፍትሔው ነከር አድርጎ ማውጣት ነው። ትልቅ ድስት ውሃ አፍልተው ጨው ጣል ያድርጉበት። ግማሽ ኪሎ ታጥቦ የተለቀመ ስፒናች ይጨምሩ፤ አይክደኑት። አጠገብዎ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከተቻለ በረዶ ያለበት ሳህን ይኑር። ቅጠሉ እንደገባ ሙሽሽ ይላል፤ ወዲያው ቀለሙ ከጥሬው ይልቅ ይደምቃል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው አየር ስለሚወጣ ነው እንዲያ ቦግ የሚለው። ያንን ካዩ አይጠብቁ፤ አንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ አንድ ተኩል። ቆስጣ ከሆነ ሁለት። አውጥተው ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ይክተቱት፤ ሲቀዘቅዝ በእጅዎ አጥብቀው ይጭመቁት። ግማሽ ኪሎው ተጨምቆ ጭብጥ የምታህል ኳስ ሲሆን አይደንግጡ። «ውሃ ቋጠረ» ያሉት ይህ ጭመቃ ስለቀረ ነው።

የነከሩበትን ውሃ ይድፉት። ጥርስዎን ያሻከረው ኦክሳሊክ አሲድ ነው። ስፒናችም ቆስጣም በብዛት አላቸው፤ በፈላ ውሃ ሲነከር ከፊሉ ወደ ውሃው ይወጣል። ቫይታሚን አብሮ ይሄዳል የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ ጥቂት ይሄዳል። ለዚህ ምግብ ግን ልውውጡ ያዋጣል። አረንጓዴነቱን ለመጠበቅ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ የሚለውን ምክር ግን አይስሙ። ቀለሙን ያቆየዋል፤ ቅጠሉን ግን ያላሽቀዋል፤ ሳሙና ሳሙናም ይላል።

የጥያቄዎ ዋና ነገር አይቡ ነው። ቀለጠ ብለዋል። አልቀለጠም። የእኛ አይብ አይቀልጥም። ጎመን በአይብ ሲሠሩ አይቡ እንደ ፒዛ ክር ሲመዝ አይተው ያውቃሉ? የሆነው ሌላ ነው፤ ተፈርፍሮ ቅጠሉ ውስጥ ተዋጠ።

አይብና ፓኒር የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም የሚረጉት በአሲድና በሙቀት ነው፤ ሁለቱም እሳት ላይ አይፈስሱም። ልዩነቱ መነሻቸው ነው። አይብ የሚሠራው ቅቤው ተንጦ ከወጣለት አሬራ ነው። ወተቱ ቀናት ቆይቶ ጎምዝዟል፤ ስቡ ሄዷል፤ የሚሞቀውም ለዘብ ባለ እሳት ነው። ስለዚህ የሚረጋው በደቃቅ ፍሬ ነው፤ ፍሬዎቹ እርስ በርስ አይያያዙም። መፈርፈሩ ለክትፎና ለጎመን ጸጋው ነው። ፓኒር ግን ከነስቡ ካለ ትኩስ ወተት ይሠራል። ወተቱ ሊፈላ ሲደርስ የአጓቱ ፕሮቲኖች ጭምር ከዋናው የወተት ፕሮቲን ጋር ይጣበቃሉ። ሎሚው ሲገባ ሁሉም አንድ ላይ ይረጋል፤ በትኩሱ ሲጫኑት እንደ ጡብ ይጋጠማል። ሲሞቅም አይፈስም፤ ይልቁን ይጨማደዳል፣ ይጠብቃል።

ሞዛሬላ የተለየ ጎሳ ነው። የሚረጋው መርጊያ በሚባለው፣ ጥንት ከጥጃ ሆድ ይወጣ በነበረ ኢንዛይም ነው። የፕሮቲኑ መረብ ላላ ያለ ነው፤ ሲሞቅ ይፈታና ይፈስሳል። ለፒዛ የተፈለገውም ለዚሁ ነው። ስፒናቹ ውስጥ ቢያደርጉት ማንኪያዎ ላይ የሚጎተት አረንጓዴ ማስቲካ ያገኛሉ። ፕሮቮሎኔም እንደዚያው ነው። ፌታ አይፈስም፤ ግን ይፈረፈራል፤ ጨውም ይበዛዋል። ሃሉሚ ቅርጹን ይይዛል፤ እሱም ጨዋማ ነው። በውሃ ዘፍዝፈው ጨውን ካወጡለት በችግር ጊዜ ይሆናል። እርስዎን ግን እዚያ የሚያደርስዎት ነገር የለም፤ ፓኒር ቤት ውስጥ በአንድ ሰዓት ተኩል ይደርሳል። የምመክርዎትም እሱን ነው፤ ምትክ አይፈልጉ።

2 ሊትር ወተት ያዘጋጁ፤ ባለግማሽ ሊትሩ የላስቲክ ወተት ከሆነ አራት ላስቲክ። ስቡ ያልወጣለት ይሁን። በካርቶን ታሽጎ ወራት የሚቆየው ወተት አይመከርም፤ ፋብሪካ ላይ በጣም በከፍተኛ ሙቀት ስላለፈ የሚረጋው ልል ሆኖ ነው። ከጎረቤት ላም የሚታለብ ጥሬ ወተት ግሩም ፓኒር ይወጣዋል፤ ነገር ግን በደንብ ይፍላ። ብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ፤ ሎሚ አይገድላቸውም።

ወተቱን ታቹ ወፍራም በሆነ ድስት ጥደው እያማሰሉ ያሙቁት። ቴርሞሜትር ያላቸው ሰዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ቆላ ላይ የተጻፈ መመሪያ «95 ዲግሪ ሲደርስ» ቢልዎት እዚያው ቆመው ይመሻል። ምልክትዎ አረፋው ነው፤ ከዳር ተነስቶ ሊገነፍል ሲል እሳቱን ያጥፉ።

ሁለት ደቂቃ ይታገሱ። ከዚያ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ በእኩል ውሃ አቅጥነው በትንሽ በትንሹ ያፍስሱ፤ በቀስታ ያማስሉ። መጀመሪያ ምንም ያልሆነ ይመስላል። ከዚያ ማንኪያው ጀርባ ላይ እንደ አሸዋ ፍሬ ፍሬ ይታያል። ቀጥሎ በአንድ ጊዜ ነጩ ወደ ትልልቅ ጉብ ይሰበሰባል፤ በመሃሉ ያለው ውሃ ወደ ቢጫነት የሚያደላ ጥርት ያለ አጓት ይሆናል። አጓቱ ገና ወተት ከመሰለ አንድ ማንኪያ ሎሚ ይጨምሩ። ጥርት ካለ እዚያው ያቁሙ። ብዙ ጀማሪዎች ለእርግጠኝነት ሲሉ ሎሚውን ጨርሰው ይደፉታል። ትርፍ አሲድ ግን ፕሮቲኑን የሚያያይዘውን ካልሲየም አጥቦ ያወጣዋል፤ መጨረሻው የሚፈርስ ፓኒር ነው። በሌላ አነጋገር ፓኒርዎን ወደ አይብ ይመልሱታል።

ወንፊት ላይ ንጹህ ስስ ጨርቅ ዘርግተው ያጥልሉት። ታጥቦ የተቀቀለ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ከማንኛውም የተሻለ ነው፤ ሽቶ ባለው ሳሙና የታጠበ እንዳይሆን ብቻ። የሎሚው ጉምዝዝታ እንዲወጣ ቀዝቃዛ ውሃ ያፍስሱበት። ጨርቁን ጠቅልለው በጠፍጣፋ ሳህን ላይ ያሳርፉትና ሌላ ሳህን ደርበው ውሃ የሞላ ድስት ይጫኑበት። አራት ኪሎ ያህል ክብደት ይበቃል። ውስጡ ገና ሙቅ እያለ ይጫን፤ ጨርሶ ከቀዘቀዘ አይጋጠምም። ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቆይ። ሌሊቱን ካደረ እንደ ላጲስ ይደርቃል። እንደ ወተቱ ስብ ከ300 እስከ 350 ግራም ያህል ይወጣዋል፤ ለአራት ሰው ይበቃል። ከመቁረጥዎ በፊት ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ጠርዙ አይሸራረፍም።

መጥበስ ግዴታ አይደለም። እኔ የሠራሁበት አንድ ወጥ ቤት ውስጥ የነበረው ፑንጃባዊ ሼፍ የተጠበሰ ፓኒር ሲያይ ይበሳጭ ነበር፤ «ለስላሳ ነገር አግኝታችሁ ለምን ጫማ ታደርጉታላችሁ?» ይል ነበር። እኔ መሃል ሰፋሪ ነኝ። በትንሽ ዘይት ሁለት ጎኑ ቀላ እስኪል ብቻ አድርጌ ወዲያው ለብ ያለ ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ እተወዋለሁ። ይለሰልሳል፤ ጨውም ይገባዋል። ውጭ አገር ከህንድ ሱቅ የሚገዛውን ደረቅ ፓኒርም በዚሁ መንገድ ነፍስ ይዘሩበታል። ስትገዙ ግን ጀርባውን አንብቡ። ወተትና አሲድ ነው ማለት አለበት፤ በአትክልት ዘይት የተሠራ አስመሳይ አለ።

የቀረው ቁሌቱ ነው። እዚህ ላይ የእኛ እጅ ያሳስታል። እኛ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ረጅም ሰዓት አቁላልተን ወጡን በሱ ላይ እናቆማለን። እዚህ ግን መጀመሪያ ዘይት ወይም ቅቤ ይሞቃል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን ይገባና ሲንጣጣ ይሰማል። ከሙን ነው ያልኩት፤ ነጭ አዝሙድ ሌላ ነው፣ ሽታው ስፒናቹን ይጫነዋል። ከዚያ አንድ መካከለኛ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ ወርቃማ እስኪሆን፣ ቡኒ ግን ሳይሆን ይጠበሳል። አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል፣ አንድ ሁለት ቃሪያ። አንድ ትንሽ ቲማቲም ከፈለጉ አሁን ይግባና ውሃው እስኪመጥ ይብሰል። ቲማቲም አሲድ ስለሆነ ቅጠሉ ሲመጣ ሥራውን ጨርሶ መገኘት አለበት። አንድ የሻይ ማንኪያ የድንብላል ዱቄትና ለምልክት ያህል እርድ ይበቃል። እርድ ከበዛ አረንጓዴው ወደ ቢጫ ይሄዳል።

ንጥር ቅቤውን ይተዉት የምለው ስለማይጣፍጥ አይደለም። ኮሰረቱ፣ ኮረሪማውና በሶብላው ገና ድስቱ ሲከፈት «ጎመን ነኝ» ይላሉ። የህንዶቹ ጊ ያለ ቅመም የተነጠረ ቅቤ ነው። ለጋ ቅቤ ባዶውን አንጥረው፣ ዝቃጩ ቀላ ሲል ቢያጠልሉት ያው እሱ ነው። ሬስቶራንት ውስጥ ያሸተትዎትና ስሙን ያላወቁት ሽታ ደግሞ ካሱሪ ሜቲ ይመስለኛል። የደረቀ የአብሽ ቅጠል ነው። እኛ ፍሬውን እንጂ ቅጠሉን አናውቀውም። ከተገኘ አንድ የሻይ ማንኪያ በመዳፍዎ አሽተው መጨረሻ ላይ ይነስንሱበት። ካልተገኘ ይቅር፤ በአብሽ ዱቄት አይተኩት፣ ይመራል።

የተጨመቀውን ስፒናች ከጥቂት ውሃ ጋር ብሌንደር ውስጥ ይፍጩት። ቀዝቃዛ መሆኑ እዚህም ይጠቅማል፤ ትኩስ ነገር በብሌንደር ሲፈጭ ክዳኑን ወርውሮ ፊት ያቃጥላል። ሙልጭ አድርጎ መፍጨት አያስፈልግም፤ ሻከር ቢል እመርጣለሁ። አሁን ቁሌቱ ላይ ይጨምሩት፤ ሳይከድኑ ሦስት፣ አራት ደቂቃ። ፓኒሩ፣ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጋራም ማሳላ (የህንዶች የተፈጨ ቅመማ ቅመም ድብልቅ)። እሳቱን ቀንሰው ሁለት ማንኪያ ክሬም፤ ከዚያ ይውጣ። ሎሚ ያሰኘው ሰው በየሳህኑ ላይ ይጭመቅ፤ ድስቱ ውስጥ አይግባ። በጾም መሥራት ለሚፈልግ ቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) ውሃውን ተጭኖ ከወጣ በኋላ የፓኒርን ቦታ ይይዛል፤ በክሬሙ ፈንታ ተዘፍዝፎ የተፈጨ ካሹ ይገባል።

ወደ እናትዎ ልመለስ። ስፒናች ደም አይተካም። ብረት አለው፤ 100 ግራም ጥሬ ቅጠል ውስጥ 2.7 ሚሊ ግራም ገደማ። ነገር ግን የአትክልት ብረት ሰውነት በቀላሉ የማይቀበለው ዓይነት ነው፤ ስፒናቹ ውስጥ ያሉ ነገሮች ያግዱታል፣ የፓኒሩ ካልሲየም ደግሞ ይብስበታል። በሳህኑ ላይ ሎሚ መጭመቁ ትንሽ ይረዳል። ምግቡን ስለሚወዱት ይብሉት፤ በመድኃኒት ፈንታ ግን አይሁን። የደም ማነስ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ምክንያቱን ሐኪም ይፈልገው። የብረት ክኒን ከታዘዘላቸው ወተት ካለበት ምግብ ጋር አብረው እንዳይወስዱት። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ስለ ኦክሳሊቱ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ስፒናችና ቆስጣ አያዘውትር። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድም እንደዚያው፤ የስፒናች ቫይታሚን ኬ መድኃኒቱን ይቃረነዋል፤ ድንገት ማብዛትም ድንገት መተውም መጠኑን ያናጋዋል።

ፓኒሩን ዓርብ ማታ ሠርተው፣ ውሃ ውስጥ ዘፍቀው ፍሪጅ ያሳድሩት፤ ውሃውን በየቀኑ ከቀየሩለት ሁለት፣ ሦስት ቀን ይቆያል። ስፒናቹን ግን ሊበሉ ሲሉ ይሥሩት። ከምሳ ወደ እራት ሲተላለፍ ያ ወይራ ቀለም ተመልሶ ይመጣል። በእንጀራ ይበላል ወይ ቢሉኝ፣ ይበላል፤ የእንጀራው ጉምዝዝታ ግን ክሬሙን ስለሚሸፍነው እኔ በቻፓቲ፣ በህንዶቹ ስስ ቂጣ፣ እመርጣለሁ። የተረፈውን አጓት አይድፉት። የቻፓቲውን ሊጥ በሱ ያቡኩት፤ ጨው ሲጨምሩ ብቻ ከልማድዎ ትንሽ ቀነስ ያድርጉ።